በየማታው ከብጣሽ ወረቀት የምሠራው የሥዕል ደብተር አብጦ አልዘጋ አለኝ

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በመደርደሪያውና በመስኮቱ መሀል ነው የምውለው፤ ማክሰኞን ከሐሙስ የሚለየው ነገር ስላጣሁ፣ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ በየማታው አንድ ገጽ መሥራት ጀመርኩ። ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፦ ገጹ ላይ የሚያርፈው ነገር በዚያው ቀን እጄ የገባ፣ እኔ ባላነሳው ኖሮ ቆሻሻ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ወረቀት አይገዛም፣ ቀለም አይገዛም። ደብተሩም ነጋዴ ጎረቤቴ ሊጥለው የነበረ፣ ግማሹ የተጻፈበት ባለ ጠንካራ ሽፋን የሒሳብ መዝገብ ነው። የባለዕዳዎቹን ስም በወረቀት ሸፍኜ ቁጥሩን ብቻ አስቀራለሁ፤ የዱቤ ሒሳቡ ከሥር ብቅ ሲል ደስ ይለኛል።

መድኃኒት ቤት ለዚህ የታደለ ቦታ ነው። ካርቶኑ ውጪው ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን እርሳስ በደንብ ይይዛል። ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው መግለጫ በጣም ስስ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ላይ ሲለጠፍ የሥሩን ያሳያል። የኪኒን ማሸጊያው ብርማ ወረቀት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ሲጫኑት መስመር ይወጣለታል። ከብልቃጥ አፍ የሚወጣውን ጥጥም እወስዳለሁ። የሐኪም ማዘዣና የሰው ስም ያለበትን ወረቀት ግን አልነካም፤ እሱ የበሽተኛው ምስጢር ነው። መርፌና ደም የነካው ነገርም እንደዚሁ።

ምን ዓይነት ገጽ እንደሆነ እንዲገባችሁ ጥቂቱን ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ ሳንቲማቸውን በወረቀት ጠቅልለው አመጡ። ጥቅሉ ከመክረሙ የተነሳ ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ ማኅተም ወጥቶበታል። ለምኜ ወሰድኩትና ምንም ሳልጨምርበት ለጠፍኩት። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ አንድ ካርቶን ሻማ ላይ አንዣብቤ በጥላሸት አጠቆርኩና በጥፍሬ የመንገዳችንን ዘንባባ ሣልኩበት። ከሁሉም የምወደው ግን የስኳር ሕመም መድኃኒት ያለቀብን ሰሞን የሠራሁትን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ «የለም» ስል ዋልኩ። ማታ የመጨረሻውን ባዶ ካርቶን ዘረጋሁ፣ መሀሉን ቆርጬ አወጣሁ፣ ዙሪያውን ብቻ ለጠፍኩ። በቀዳዳው የሚታየው የነጋዴው የዱቤ ቁጥር ነው። ያንን ገጽ ስገልጠው የእያንዳንዱ ሰው ፊት ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ችግሬ። መዝገቡ አብጦ እንደ ጉማሬ አፍ ተከፍቶ ነው የሚያድረው፤ የጀርባው ክርም መላላት ጀምሯል። መስከረም ላይ የለጠፍኳቸው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኞች ጽሑፋቸው እየጠፋ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የምለጥፈው ቤት ውስጥ በማፈላው የዱቄት ኮላ ነው፤ የሐይቁ እርጥበት ተጨምሮበት ጠርዝ ጠርዙ ሻግቷል፣ በረሮም ለምዶታል። አንድ ሌላም አለ፦ እሁድ ቤት ስውል እጄ የሚገባ ብጣሽ የለም። ከሳምንቱ የተረፈውን ብለጥፍ ደንቡ ይፈርሳል ትላላችሁ? እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጡረተኛው ጠራዥ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ስለ ሥዕሉ ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ደብተሩ ልንገርሽ።

መዝገብ ሲጠረዝ የጀርባው ስፋት የሚወሰነው በባዶው ወረቀት ውፍረት ነው። አንቺ በየገጹ ካርቶን ስትጨምሪ ጀርባው ባለበት ይቀርና ፊቱ ብቻ ይወፍራል፤ ክሩን የሚያላላውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ከውስጥ መቀነስ ነው። ገና ካልሠራሽበት ክፍል በየሁለት ቅጠሉ አንዱን ቁረጪ። ከሥሩ ግን እንዳትነቅዪው! ቅጠል ሁሉ ከክሩ ማዶ ጥንድ አለው፤ አንዱ ሲነቀል ሌላውም ተከትሎ ይወጣል። ከጀርባው በኩል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትተሽ በማስመሪያና በምላጭ ቁረጪው። የቀረው ጠባብ ቁራጭ ጀርባውን ያወፍርልሻል፤ የምትለጥፊውም ቦታ ያገኛል።

ሌላው፣ ወረቀት መስመር አለው። ሲመረት ቃጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። እርጥብ ኮላ ሲነካው በመስመሩ ርዝመት ብዙም አይለጠጥም፣ ወደ ጎን ግን ይለጠጣል፤ ሲደርቅም በዚያው ይሰበሰባል። ገጹ የሚጨማደደውና የሚጣመመው ለዚህ ነው። ካርቶኑን ሳትሰብሪ በቁመቱም በአግድሙም ጎንበስ አድርጊው። ሳይታገልሽ የሚታጠፍበት በኩል መስመሩ እሱ ነው። መስመሩ ከደብተሩ ጀርባ ጋር ትይዩ ሆኖ ይለጠፍ። ይህን ብቻ ብታደርጊ እንኳ ግማሹ እብጠት ይቀራል።

ኮላሽ የሻገተው ከዱቄትነቱ ይልቅ ሳይደርቅ ስለምትዘጊው ይመስለኛል። አንድ እጅ ዱቄት በአራት እጅ ውሃ፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ ከዚያ እያማሰልሽ እስኪያብረቀርቅ አብስዪው። ስስ አድርገሽ ቀቢ። ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት ጣልቃ አግብተሽ ድንጋይ ጫኚበት፤ ወረቀቱ እርጥበቱን ሲጠጣ በደረቅ ለውጪ። ጠዋት ሥራ ስትሄጂ ተከፍቶ ይዋል። ኮላውንም ትንሽ ትንሽ እያፈላሽ ተጠቀሚ፤ የከረመ ኮላ ሻጋታውን ይዞት ይመጣል። ቅርንፉድ አብሮ ቢፈላ መበላሸቱን ያዘገየዋል። የአናጢ ነጭ ኮላን በረሮ አይፈልገውም፤ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ ለከባድ ካርቶን ብቻ ይሁንልሽ።

ይህ መዝገብ ሲሞላ ደግሞ ሌላ አትፈልጊ፤ ራስሽ ስፊው። የብራና መጻሕፍታችን አሰፋፍ ላንቺ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጥራዞቹ፣ ማለትም መሀላቸው ላይ ታጥፈው አንድ ላይ የተሰፉት ቅጠሎች፣ እርስ በርሳቸው በሰንሰለት ስፌት ይያያዛሉ፤ ክሩም ሽፋን በሚሆነው የእንጨት ገበታ ጠርዝ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ይገባል። ጀርባው በኮላ ስላልታሰረ መጽሐፉ ሲገለጥ ደህና አድርጎ ይዘረጋል። የውጭ አገር ጠራዦች ሳይቀሩ የኢትዮጵያ ስፌት ብለው ይማሩታል። አንዳንዱን መጽሐፍ ገበታውን ገልጠሽ ብታዪ፣ በቆዳው መሀል አራት ማዕዘን ጨርቅ ታገኛለሽ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሐር ወይም የጥጥ ቁራጭ ነው። ጣና ላይ ያሉት ገዳማት ለአንቺ ቅርብ ናቸው፤ ዕድሉን ካገኘሽ ከሥዕሉ ባሻገር ስፌቱን ልብ ብለሽ ተመልከቺ።

ከሰልና ወረቀት

ጋሼ ስለ ደብተሩ ጨርሰውታል። እኔ ሥዕል ስለማስተምር ስለሚለጠፈው ልበል።

ያ ደረሰኝ በቀለም አልታተመም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅብ አለው፤ ማሽኑ በሙቀት ነው የሚጽፍበት። ቅቡን ብርሃን፣ ሙቀት፣ ዘይት፣ አንዳንዱ ፕላስቲክም ያደበዝዘዋል። የጠፋው አይመለስም። ጽሑፉ እንዲቆይ የምትፈልጊውን በዚያው ማታ በእርሳስ ከጎኑ ቅጂው ወይም ፎቶ ኮፒ አስነሺው። ወይም ጠባዩን ተጠቀሚበት፦ የጋለ የማንኪያ ጀርባ ሲያርፍበት ወዲያው ይጠቁራል፣ እንደ ብሩሽ መሥራት ይቻላል፤ እንደሚጠፋ አውቀሽ ግን ሥሪው። በብዙዎቹ ቅብ ውስጥ ቢስፌኖል የሚባል ኬሚካል ስላለ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ።

የሚቆየውን ከፈለግሽ ጥላሸቱ ቤትሽ አለልሽ። ጥላሸት ካርቦን ነው፣ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ የብራና ጥቁር ቀለም ዘመን የተሻገረው በዚህ ነው። እጅ ላይ እንዳይለቅ የግራር ሙጫ በውሃ አሟሚና ከጥላሸቱ ጋር ለውሺው። እርድ በተቃራኒው ነው፤ ሲቀቡት ያምራል፣ ብርሃን ላይ ግን ቶሎ ይሄዳል። ተራ የጋዜጣ ወረቀትም ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ክፍል ስላልወጣለት ቢጫ መሆኑና መሰባበሩ አይቀርም፤ የሽማግሌውን መጠቅለያ ጨለማ የሚያገኝ ገጽ ውስጥ አስቀምጪው።

ስለ ካርቶኑ ቀዳዳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ተማሪዎቼን «ከብጣሽ የሚሠራ ሥዕል ማስጌጥ አይደለም» እያልኩ የምለፋበትን ነገር አንቺ በአንድ ቆረጣ አድርገሽዋል። ኩርት ሽቪተርስ የተባለው ጀርመናዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የትራም ትኬትና የመጠቅለያ ወረቀት እየለቀመ ሲሠራ ሰው ይስቅበት ነበር። ናዚዎች ሲነሱ ወደ ኖርዌይ ሸሸ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ እዚያም እንደ ጠላት አገር ሰው ተቆጥሮ ማን ደሴት ላይ ታሰረ። የሚሠራበት ነገር ሲያጣ ለምግብ ከሚሰጠው የአጃ ገንፎ ቅርጽ አበጀ፤ እንዳንቺ ኮላ እሱም ሻገተ። የእኛው ኤልያስ ስሜም የልብስ ቁልፍ፣ ክር፣ የተፈታታ የኮምፒውተር ቦርድና ሽቦ ከመርካቶ እየሰበሰበ ነው ግድግዳ የሚያህሉ ሥራዎቹን የሚሠራው። አዲስ አበባ ከመጣሽ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱትን ዞማ ሙዚየም ሳታዪ አትመለሺ።

ለእሁዱ ብጣሽ አያስፈልግሽም። ስሱን የመድኃኒት መግለጫ ሰፌድ ላይ አድርጊና ከሰል በጎኑ እሺበት፤ የስፌቱ ዙር በሙሉ ይወጣል። ከዚያ መሶቡ፣ አክንባሎው፣ የበሩ ጣውላ አለ። የቤትሽ ነገር ሳይቆረጥ ገጹ ውስጥ ይገባል።

ክርና መርፌ (ሪያድ)

እህቴ፣ እኔ የምሠራው ሰው ቤት ነው። ኮላ የለኝም፣ ደብተር የማስቀምጥበት ሰፊ ቦታም የለኝም፤ መርፌና ክር ግን አለኝ። የሻይ ካርቶን በፖስታ ካርድ ልክ እቆርጥና የቀኑን ነገር እሰፋበታለሁ፦ የቴምር ማሸጊያ፣ የሽንኩርት መረብ፣ የልጆቹ የካልሲ ክር። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከጀርባው እጽፋለሁ። ሁሉም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይተኛል፤ ወር ሲሞላ በክር አስራለሁ። ጳጉሜን ትንሽ ወር ስለሆነች ካርዷንም አሳንሼ እቆርጣለሁ። የተፈታ ካርድ አያብጥም፣ በረሮም አይበላውም።

ካርቶን ስትሰፊ መጀመሪያ ቀዳዳውን በባዶ መርፌ በስተሽ ጨርሺ፤ ቀዳዳዎቹን አታቀራርቢ፣ ይቀደዳል። ምንም ያላገኘሁ ቀን ቀኑን ብቻ በክር እሰፋለሁ። ደንብሽን ባትነኪው እወዳለሁ። እኔን እዚህ ያቆየኝ በየማታው ያች አንድ ካርድ ናት።

ጣና ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ሰፌዱን ሞከርኩት፤ እናቴ ናት የሰፋችው፣ የመሀሉ ኮከብ ጥርት ብሎ ወጣ። የእሁድ ነገር በዚህ ተፈታ። ከሳምንቱ የተረፈውን አልለጥፍም፤ የሪያዷ እህቴ እንዳለችው ደንቡ ይቆያል። ደረሰኞቹን ባሉበት እተዋቸዋለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ዋጋውን በእርሳስ ከጎን እጽፋለሁ፤ የመድኃኒት ዋጋ ከወር ወር ሲለወጥ ማየት እፈልጋለሁና። ለጥላሸቱ የግራር ሙጫ የሚሸጡ እናት ገበያ ውስጥ አግኝቻለሁ፤ ይህ መግዛት ነው ካላችሁኝ፣ ብጣሽ ነው የሰጡኝ፣ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ባዶዎቹን ቅጠሎች እንዳሉኝ ቆርጫለሁ። የተሠራበት የፊተኛው ክፍል ግን ምን ይሁን? ከእሱ አንድም ቅጠል መቁረጥ አልፈልግም፣ ክሩም ከቀን ቀን እየላላ ነው።

ጡረተኛው ጠራዥ (አዲስ አበባ)

አትቁረጪ። ለሁለት ክፈዪው። ሽፋኑን ገልጠሽ የጀርባውን ጨርቅ በምላጭ ስትከፍቺ ጥራዞቹ ለየብቻ ይታያሉ። የተሠራባቸውን ጥራዞች የያዘውን ክር በጥንቃቄ በጥሰሽ አውጪያቸው። እያንዳንዱን ጥራዝ መሀሉ ላይ ገልጠሽ፣ ከካርቶን የቆረጥሻቸውን ሦስት አራት ጠባብ ቁራጮች እጥፋቱ ውስጥ አስገቢና አብረሽ ስፊ፤ ያን ጊዜ ጀርባው ከፊቱ ጋር እኩል ይወፍራል። ክሩ ወፈር ያለ ጥጥ ይሁን፣ ሰም አሺው። የቀረው ባዶ ክፍል በአሮጌው ሽፋን ይቀጥል።

ለገበታ የፍራፍሬ ሳጥን ጣውላ ይበቃሻል። ጫፍ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፤ ቀዳዳውን ስትበሺ ከጠርዙ የጣት ስፋት ያህል ወደ ውስጥ ግቢ፣ ቀዳዳዎቹም በአንድ የእንጨት መስመር ላይ እንዳይደረደሩ አንዱን ከሌላው ትንሽ አዛንፊ፤ አለዚያ ክሩን ስታጠብቂ ጣውላው ይሰነጠቅብሻል።