የ1943ቱ የአሜሪካ ብረት ፔኒ ዝጎ፣ የአያቴ የጣሊያን ሊሬ ለምን አልዛገችም?

ጠያቂ፦ የማርቆስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ በምሠራበት ሱቅ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ በጠርሙስ ሙሉ ሳንቲም ከፍለው ሄዱ። ስቆጥር ሦስት የ1943 እ.ኤ.አ. ፔኒዎች (የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም) አገኘሁ፤ እንደ ሌሎቹ ቀይ አይደሉም። አንዷ ዳር ዳሯን ዝገት በልቷታል፣ የሊንከንም ጉንጭ ጠቁሯል። ሁለተኛዋ አመድማ ሆና ደብዝዛለች። ሦስተኛዋ ግን እንደ መስታወት ታበራለች። ቤት ደግሞ ከአያቴ ሳጥን የወጣች የ1940 የጣሊያን አንድ ሊሬ አለችኝ። እሷም የጦርነት ጊዜ ብረት ናት ይሉኛል፣ ግን ከጭረት በቀር አንድ የዝገት ነጥብ የለባትም። ለምን ተለያዩ? ደግሞስ ላጽዳቸው? አመድማዋን በሎሚ ጠረግ ሳደርጋት አረፋ ስላወጣች ደንግጬ ተውኳት።

መልስ፦ ብየዳ ቤት

ፔኒዋን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ቁጠራት ወንድሜ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፣ ፔኒዋም እንደዚያው። ቆርቆሮ ከየት መዛገት እንደሚጀምር አይተህ ታውቃለህ? በመቀስ ከተቆረጠው ጠርዝና ሚስማር ከገባበት ቀዳዳ ነው። ፔኒዋ ስትሠራ መጀመሪያ ብረቱ በዝርግ ሳለ ዚንክ አለበሱት፣ ከዚያ ክብ ክብ አድርገው ቆረጡት። ስለዚህ ጠርዟ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ራቁቱን ነው፤ የእጅ ላብና እርጥበት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ፊቷ ላይ ያለው ዚንክ ስስ ነው፣ ከብረቱም ለስላሳ ነው። በኪስ ውስጥ ከሌላ ሳንቲም ጋር ሲፋተግ መጀመሪያ የሚላጠው ከፍ ያለው ቦታ ነው፦ ጉንጩ፣ መንጋጋው፣ በጀርባው ደግሞ የስንዴው ዛላ። ዚንኩ እስካለ ድረስ ቀድሞ እሱ ይበላል፣ ብረቱን ያተርፋል። አመድማነቷም ዚንኩ ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋር ተዋህዶ የሠራው ሽፋን ነው፤ ቆሻሻ አይደለም። ሎሚው አረፋ ያወጣው ያንን ሽፋንና ከሥሩ ያለውን ዚንክ እያሟሟ ነው።

መልስ፦ ሰብለ ከሜሪላንድ

እኔ የእናቴን የነሐስ ሰሃን ሁልጊዜ በሎሚና በአመድ ነው የማሸው፣ እንደ አዲስ ይወጣል። ለምን ለዚህ አይሆንም?

መልስ፦ ብየዳ ቤት

እህቴ፣ ነሐስ ውስጡም ውጪውም አንድ ነው፤ ብታሺው ከሥሩ ሌላ ነሐስ ይወጣል። ይቺ ግን ልብስ የለበሰች ናት። ልብሷን ካጠብሽላት ራቁቷን ትቀራለች።

መልስ፦ አሮጌ ሳንቲም

ታሪኳን ላክልበት። ጦርነቱ መዳብን ለጥይትና ለመድፍ ስለፈለገው በ1943 ፊላደልፊያ፣ ዴንቨርና ሳን ፍራንሲስኮ ከ1 ቢሊዮን በላይ የብረት ፔኒ መቱ። ሕዝቡ ግን ጠላት፦ አዲሷ ነጭ ስለሆነች ከዳይም (ከባለ አሥር ሳንቲሟ) ትምታታለች፣ አርጅታ ደግሞ ትጠቁራለች። በ1944 ወደ መዳብ ተመለሱ፣ ለዚያም የተተኮሰ የጥይት ቀለህ እያቀለጡ ተጠቀሙ። የተረፈውን ክብ ብረት አልጣሉትም፤ በዚያው ዓመት ለቤልጅየም ባለ 2 ፍራንክ መቱበት።

ስለምታበራዋ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ያረጁትን ሰብስቦ እንደገና ዚንክ ወይም ክሮም እየነከሩ መሸጥ የቆየ ንግድ ነው። ጠርዟን በማጉያ መነጽር እይ፦ የመጀመሪያው ልብሷ ከሆነ ዙሪያዋን ባዶ ብረት ይታያል፤ ጠርዟም እንደ ፊቷ ካበራ ዳግም የተነከረች ናት።

መልስ፦ ከዳላስ

በስህተት በመዳብ የተመቱ ጥቂት የ1943 ፔኒዎች ውድ ናቸው ይባላል። እኔስ ቀይ የ1943 ፔኒ አለኝ፣ ሀብታም ልሆን ነው?

መልስ፦ አሮጌ ሳንቲም

ማግኔት አስጠጋባት። ከሳበች መዳብ የተቀባች ብረት ናት። ካልሳበችም ገና አትጨፍር፣ የ1948ቱን 8 ቁጥር ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉ። በሚዛን እውነተኛ መዳቧ 3.11 ግራም ናት፣ የብረቷ 2.7 ገደማ።

መልስ፦ የፒያሳ ልጅ

ሊሬዋን ማንም አልመለሰላትም። ጣሊያኖች ከ1939 ጀምሮ ሳንቲማቸውን ሲሠሩበት የነበረው ብረት ‘አክሞኒታል’ ይባላል፣ ‘የጣሊያን የገንዘብ ብረት’ የሚለው በአጭሩ ነው። ክሮም የተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት ነው፣ ዛሬ ማንኪያና ድስት እንደሚሠራበት ዓይነት። ክሮሙ ላይ ላዩን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ብትጭረውም መልሶ ይሸፍነዋል። የፔኒዋ መከላከያ ከላይ የለበሰችው ነው፣ ሲላጥ አለቀ፤ የሊሬዋ ግን እስከ ውስጧ ነው። ጠንካራም ስለሆነች ቶሎ አታልቅም፣ ትጫጫራለች እንጂ። ማግኔት ላይ ግን አትተማመን፦ በ1939 እና በ1940 የሚስብም የማይስብም ተመቷል።

በጣሊያኑ ንጉሥ በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ምስል ዙሪያ ‘ሬ ኤ ኢምፕ’ የሚል ታያለህ፣ ‘ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት’ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት የተባለው ጣሊያን በያዘቻት በኛ አገር ስም ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ ሮም እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ይቺኑ ማዕረግ እየጻፈች መምታቷን ቀጥላለች። አያትህ ሳጥን ውስጥ የዘጉባት በደንብ አድርገዋል!

ጠያቂ፦ የማርቆስ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። የምታበራዋ ጠርዟም ያበራል፣ ስለዚህ እሷ ተነክራለች። ሊሬዋን ማግኔት ሳባት። ሎሚ የነካት ፔኒ ቦታው ጠቁሮ ቀረ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሮጌ ሳንቲም

የጠቆረው አይመለስም። አሲዱ ላይዋ ላይ እንዳይቀር በንጹሕ ውኃ ብቻ አለቅልቃት፣ ወዲያው ውኃውን በጨርቅ አስመጥጠህ አድርቃት፣ አትሻት። የጣት ቅባት ካለ ንጹሕ አሴቶን ይበቃል፣ ቀለምና ሽታ ያለውን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይደለም። ዝገት የያዛትን ለብቻ አስቀምጣት። ለሁሉም ደረቅ የወረቀት ፖስታ፣ ከጫማ ካርቶን የምታገኛትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረህ ክተት። ስትይዛቸው በጠርዝ ይዘህ ነው። ለዋጋው ብለህ ከሆነ አትድከም፣ ያገለገለች የ1943 ፔኒ ብዙውን ጊዜ አንድ ዶላር አትሞላም።