የድሮ መድኃኒት ቤቶች በጎጃም፦ ረቂቁን አብረን እንቋጨው

ፀሐፊዋ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው የማኅበራችንን የሥራ ዕቅድ ረቂቅ እዚሁ እንጨርሰው። እስካሁን ያለን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በጎጃም ከተሞች የነበሩ የድሮ መድኃኒት ቤቶችን ዕቃ ሰብስቦ ደብረ ማርቆስ ላይ ለእይታ ማቅረብ።» ዕቃ ስንል ምን ምን ነው? ማን ይሰበስባል? ያላችሁን ጻፉ።

የቡሬው አባል
እኔ አንድ አሮጌ ባንኮኒ አውቃለሁ፣ ከነመስታወት መደርደሪያው። ቤቱ ሊፈርስ ነው። ቶሎ ካልተነሳ ማገዶ መሆኑ አይቀርም። ጠርሙሶችም አሉ። ግማሾቹ ውስጣቸው የሆነ ነገር አለ። አጥቤ ላምጣቸው?

ጡረተኛው ፋርማሲስት
ኧረ በል ልጄ፣ ያን «የሆነ ነገር» እንዳትነካው! ሜርኩሪ ያለበት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ፒክሪክ አሲድ ነው። ቢጫ ነገር ነው፤ ድሮ ለእሳት ቃጠሎ ይቀባ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ከደረቀ ክዳኑን ስትከፍት ሊፈነዳ ይችላል። ቀልድ አይደለም። ክፍሉን ዝጋውና መጀመሪያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ንገር። ወንዝ ውስጥ መድፋት የሚባል ነገርም እንዳይታሰብ። ረቂቁ ላይ በግልጽ ይግባ፦ ባዶ ዕቃ እንጂ መድኃኒት አንሰበስብም።

ፀሐፊዋ
ገብቷል። ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ሥራው እንዴት እንደነበር ቢጽፉልን። ወጣቶቹ መድኃኒት በካርቶን ሲወርድ እንጂ ሲቀመም አላዩም።

ጡረተኛው ፋርማሲስት
እሺ። ያኔ ብዙው ነገር እዚያው ጓዳ ውስጥ ይሠራ ነበር። ለጭርት ዊትፊልድ የሚባል ቅባት አለ፤ ቤንዞይክ አሲድ 6 በመቶ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ 3 በመቶ፣ የቀረው ቅባት። ዱቄቱን በሙቀጫ ልም እስኪል ታደቀዋለህ። ከዚያ መስታወት ላይ አድርገህ ከቅባቱ ጋር በትንሽ በትንሹ ታሸዋለህ። ከቸኮልክ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ደንበኛው ነገ ይዞት ይመለሳል። ለእከክ የድኝ ቅባት ነበር፤ በኋላ ቤንዚል ቤንዞኤት መጣ። ለሕፃናት የአፍ ቁስል ደግሞ ጄንሺያን ቫዮሌት። ልጁ ከንፈሩ ወይን ጠጅ ሆኖ ሰፈሩን ይዞራል፤ መታከሙን ሁሉ ሰው ያውቃል።

ሚዛኑ ባለ ሁለት ሳህን ነው። የሚዛኑን ድንጋይ በመቆንጠጫ እንጂ በጣት አታነሳም፤ የእጅ ላብና ቅባት ክብደቱን ያዛባዋል። ቡናማው ጠርሙስም ለጌጥ አይደለም፤ ብርሃን የሚያበላሻቸው መድኃኒቶች አሉ። የጥንቱ መለኪያ ግሬይን ይባላል፤ 1 ግሬይን 65 ሚሊግራም ገደማ ነው። ዛሬም 325 ሚሊግራም የሚል አስፕሪን ብታዩ ያው የድሮው 5 ግሬይን ነው።

ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ እንስል ነበር። አስረድተን ስናበቃ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» እንለዋለን። ስለዚህ ዕቃ ብቻ ብትሰበስቡ ግማሹ ሥራ ይቀራል። በሕይወት ያሉትን ሰዎች ቅረጹ። ባንኮኒው ዐሥር ዓመት ይቆያል፤ እኛ እንጃ።

የታሪክ መምህሩ (ባሕር ዳር)
ጋሼ ያሉት ከዕቃው ቀድሞ አንደኛ ተራ ይያዝ። ለመግቢያው እኔ ይህን አዘጋጅቻለሁ፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ዶክተር ሜራብ የተባለ ጆርጂያዊ ሐኪም አዲስ አበባ ላይ ፋርማሲ ከፈተ። በ1961 የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በ1964 የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት የሚባሉ ደረጃዎችን ለመድን። እኛ ያደግንባቸው ትንንሽ ከተሞች ይበልጥ የሚያውቁት የመጨረሻውን ነው፤ ከጤና ረዳትነት የወጣ ሰው የሚሠራበትን። የ1958ቱ የወባ ወረርሽኝም ይጠቀስ። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሞቷል። የወባ መድኃኒቶቹ ክሎሮኪንና ኪኒን ለምን በየቤቱ የሚታወቅ ስም እንደሆነ የሚገባን ያኔ ነው።

የሞጣዋ አባል
የትል መድኃኒቶቹ ኮሶስ? እንቆቆስ? መተሬስ? የአገራችን መድኃኒት ቤት እኮ ገበያው ነበር።

ገንዘብ ያዡ
እህቴ፣ እሱን ከጨመርን ማለቂያ የለውም። ገንዘባችን ለመደርደሪያም አልበቃ።

የሞጣዋ አባል
ሁሉንም አላልኩም፤ ኮሶ ብቻ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። የኛ ሰው በየሁለት ወሩ እየተንገፈገፈ የሚጠጣውን እነሱ በማሰሮ አድርገው መደርደሪያ ላይ ደርድረውታል! በኋላ የኮሶ ትል ክኒን ከመደብር መጣና ኮሶ እየቀረ ሄደ። ይኼ ታሪክ አንድ ማዕዘን አይገባውም?

ጡረተኛው ፋርማሲስት
ይገባዋል። ግን አጠጣጡና መጠኑ አይጻፍ። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል፤ አይቶ የሚሞክር አይጠፋም።

ነርሷ (ፍኖተ ሰላም)
እኔ ደግሞ የከነከነኝ የሐኪም ማዘዣው መዝገብ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ አሁንም አስቀምጦታል። ውስጡ የሰው ስም አለ፣ በሽታውም ከመድኃኒቱ ይታወቃል። ያኔ ለጨብጥ ወይም ለቂጥኝ ፔኒሲሊን የተወጋ ሰው ልጆቹ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለእይታ ተብሎ ገመና አይገለጥ።

የታሪክ መምህሩ
ስሙን ሸፍነን ብናሳይስ? ለታሪክ ከመዝገቡ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ነርሷ
ትንሽ ከተማ ውስጥ ቀኑና ቀበሌው ከታየ ስሙ አያስፈልግም፤ ሰዉ ራሱ ይሞላዋል። ያልተጻፈበት ገጽ ይታይ። መዝገቡ ቤተሰቡ ዘንድ ይቆይ። በምትኩ እኔ የብርጭቆ ስሪንጁን ከነመቀቀያውና ከነፕሪሙሱ አመጣለሁ። መርፌው በድንጋይ ይሳል እንደነበር ስነግራቸው ተማሪዎቼ አያምኑኝም።

ፀሐፊዋ
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «በጎጃም ከተሞች በመድኃኒት ቤት የሠሩ ሰዎችን ትዝታ በድምፅ መቅረጽ፤ ባዶ ዕቃዎችን ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ መሰብሰብ፤ መድኃኒትም የታካሚ መዝገብም አለመረከብ፤ ለኮሶ አንድ ማዕዘን መስጠት።» መግቢያውን መምህሩ ያሳጥረዋል። የቀረጻውን ጥያቄ ጋሼና ነርሷ ያወጣሉ፤ ዱቤው እንዴት ይያዝ እንደነበርም ይጠየቅ። የሚቃወም አለ?

የታሪክ መምህሩ
በመዝገቡ አሁንም ቅር ብሎኛል፤ ግን አልቃወምም።

የቡሬው አባል
እኔም የለኝም። ጤና ጽሕፈት ቤቱ ጠርሙሶቹን ካነሳ በኋላ ባንኮኒውን አወጣዋለሁ። የአይሱዙውን ማን ይከፍላል?

ገንዘብ ያዡ
ደረሰኝ ካመጣህ ማኅበሩ። ካላመጣህ አንተው።