የእድራችን ገንዘብ፦ 20 ርካሽ ታብሌት ወይስ 6 ያገለገለ ላፕቶፕ?

የማራኪው፦ እንደምን አመሻችሁ ጎረቤቶቼ። እሑድ ስብሰባው ላይ ሳይቋጭ የቀረውን እዚህ እንጨርሰው። ለ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ያዋጣነው ገንዘብ ወይ 20 ታብሌት ወይ 6 ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል። ነጋዴው ያሳየን ታብሌት 10 ኢንች ነው፤ ካርቶኑ 12 ጊጋ ራም (ብዙ ነገር አንዴ ከፍቶ የሚያሠራው)፣ 512 ጊጋ ስቶሬጅ (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ አንድሮይድ 13 ይላል። እኔ ታብሌት ባይ ነኝ። ልጆቹ መጽሐፉን በሶፍት ኮፒ ነው የሚያነቡት፣ እሱም በአባታቸው ስልክ፣ አባት ከሥራ ሲገባ። 20 ልጅ የየራሱን ይዞ ቢያነብ ምን ክፋት አለው?

ጠጋኙ ከፒያሳ፦ በዚያ ዋጋ 12 ጊጋ ራም? ካርቶን ላይ መጻፍ ምን ያስከፍላል! እንዲህ ያለ ዕቃ ስንቱን ከፍቻለሁ፤ ውስጡ 2 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ስቶሬጅ ሆኖ ይገኛል። ሴቲንጉ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ውሸት እንዲያሳይ ተደርጎ ነው። ከ32ቱም ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ይበላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ የአንድሮይድ ቁጥሩን ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። እውነተኛ 13 ከሆነ የግድግዳ ሰዓት የመሰለ ነገር ይመጣል። 8 ከሆነ ግን ክብ ብስኩት ነው የሚወጣው፤ ብስኩቱን ነካ ነካ አድርጋችሁ ጫን ብትሉት ኦክቶፐስ እግሩን እያወናጨፈ ይመጣል። ቁጥሩን የሚቀይሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ይቺን ይረሷታል። ስቶሬጁን ደግሞ ፊልም እየገለበጣችሁ ሙሉት። እውነተኛው ልክ ካለፈ በኋላ የተገለበጠው ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

እናት ከአዘዞ፦ እኔ ራም ምን እንደሆነ አላውቅም፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ግን አውቃለሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነው፤ መብራት ሄደ ማለት አብሮ ድርግም ነው። ታብሌት ቢያንስ ማታውን ይዘልቃል። ደግሞ ዳታ ተዘግቶብን በከረመበት ጊዜ ልጄ የተማረችው ከጓደኛዋ በሚሞሪ ካርድ በተገለበጠ ቪዲዮ ነው። የሚሞሪ ቀዳዳ ያለው ይሁን፣ ሌላው ይቅርብኝ።

መምህሩ፦ እትዬ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ግን ላፕቶፕ እላለሁ። ከ2016 ጀምሮ ከፊሉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በኮምፒውተር ነው የሚፈተነው። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ላይ ቀስቷን ሲያባርር ሰዓቱ ያልቅበታል። ርካሽ ታብሌት ደግሞ በእኛ አልተጀመረም። ህንድ በፈረንጆቹ 2011 አካሽ የሚባል ለተማሪ አውጥታ ነበር፦ 7 ኢንች፣ 256 ሜጋ ራም፣ ጫን ካላሉት የማይሰማ ታች ስክሪን፣ 2100 ሚሊአምፒር ባትሪ። ዋጋው ጉድ ተባለለት፤ ልጆቹ እጅ ሲገባ ግን ቀርፋፋነቱና ባትሪው አስመረራቸው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ መምህር፣ ህንድ ድረስ ምን ወሰደዎት? እዚሁ አገራችን በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሁለት መንደር ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጥቶ የለም እንዴ? በሶላር ቻርጅ እያደረጉ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ልጅ ዕቃውን ካገኘ ይለምደዋል።

ጠጋኙ ከፒያሳ፦ የኔ ወንድም፣ የወንጪው እኮ ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት ነበር። በጊዜው ውድ ከሚባሉት ነው። ከኛው ነጋዴ ካርቶን ጋር አታወዳድረው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተረታሁ።

ዕቃ ያዡ፦ ይቅርታ ነገራችሁን ላቋርጥ። የድንኳኑን ወንበር ያልመለሳችሁ አራት ሰዎች ታውቃላችሁ ራሳችሁን።

የማራኪው፦ ሄጄ ነካ ነካ አደረግሁት። ኦክቶፐሱ ወጣ። ነጋዴው ራሱ ደንግጦ «ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» አለኝ፤ እሱም ተሸውዶ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የምቀይረው ዕቃውን ነው። ጠጋኙ፣ አንተ ብትገዛ ምኑን ታያለህ?

ጠጋኙ ከፒያሳ፦ እውነተኛ 4 ጊጋ ራም፤ በጀት ካነሰ 3። ከዚያ ከወረደ መጽሐፉን ከፍተህ ካልኩሌተር ስትጠራ መጽሐፉ ይዘጋብሃል። ስክሪኑን ጎን ለጎን ሆናችሁ እዩት፤ ከጎን ሲታይ የሚጠቁር ከሆነ ሁለት ልጅ አብሮ አያነብበትም፣ አይፒኤስ የሚሉት የስክሪን ዓይነት እንዲያ አያደርግም። ቻርጅ መሰኪያው ታይፕ ሲ ይሁን፤ የድሮው ጠባቡ በልጅ እጅ ቶሎ ይላላል፣ ለኔ ገበያ ነው ለእናንተ ግን ኪሳራ። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ቢባልም በ10 ኢንች ስክሪን ቪዲዮ ሲታይ እንደ ስልክ አይቆይም። የኤርፎን ቀዳዳም አትርሱ፣ በአንድ ክፍል ሦስት ልጅ ሲያጠና ታውቃላችሁ። ካሜራውን ተዉት፣ የሁሉም ጭቃ ነው።

እናት ከአዘዞ፦ እንዲህ ያለው 20 አይደርስማ።

የማራኪው፦ አይደርስም። 11 ቢሆን ነው።

መምህሩ፦ 9 ታብሌትና 1 ላፕቶፕ አድርጉት። ላፕቶፑ እድሩ ቤት ይቀመጥ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ገብተው ማውዝና ኪቦርድ ይልመዱበት። ባትሪው ቢሞትም እዚያ ጄኔሬተር አለ።

እናት ከአዘዞ፦ ዘጠኙ ለማን ይሰጥ? ልጆቹ 20 ናቸው። እኔ ጥንድ ጥንድ ብዬ ነበር፣ ሁለት ይተርፋሉ።

የማራኪው፦ እሱን እሑድ ፊት ለፊት። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ጠጋኙ የመረጠውን ይዞ ይምጣ፣ እኔ የ12ኛውን ፊዚክስ በሚሞሪ አመጣለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ስታክ ሳያደርግ ካገላበጠልኝ እፈርማለሁ።