«ሰባት በመቶ ብቻ» የተባለው ነገር

ቦርከና፦ ባለፈው እሑድ ደሴ፣ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ስለ ካንሰር እንዲያስተምር የተጋበዘ ሰው «ከጠጪዎች መካከል በጨጓራ ካንሰር የሚያዙት ሰባት በመቶ ብቻ ናቸው» ሲል ሰምቼ እየተብሰከሰክሁ ቤቴ ገባሁ። ቁጥሩ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ጥናት ሲሆን፣ ያ ጥናት የጨጓራ ካንሰር ሕሙማንን በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች ጋር የሚያነጻጽሩ 44 ጥናቶችንና ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተሉ 15 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ነው። ያለውም የጠጪዎች የመያዝ ዕድል ከማይጠጡት በሰባት በመቶ ይበልጣል ነው እንጂ ከመቶ ጠጪ ሰባቱ ይታመማሉ አይደለም።

የሐረጎ መንገደኛ፦ ወንድሜ፣ ተናጋሪው ቁጥሩን ማጣመሙን አልክድም። ይሁን እንጂ ጭማሪው ሰባት በመቶ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ እንጂ አልከበደም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ ሲመድብ አፍን፣ ጉሮሮንና ጉበትን እንጂ ጨጓራን አልጠራም።

የሰኞ ገበያዋ፦ እርስዎም «ብቻ» አሉ! ሰባት በመቶው እኮ በዓመት በዓል አንድ ጣሳ ጠላ የሚቀምሰውንና አረቄ ሳይቀምስ የማያድረውን አንድ ላይ ደባልቆ የተገኘ አማካይ ነው። በዚያው ጥናት በቀን አራት መጠጥ (አራት ጠርሙስ ቢራ ገደማ) እና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ለብቻ ሲታዩ ጭማሪው ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድም እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያውን የጀመረው በቀን ከ45 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ስለሚይዝ ይህ ሦስት ጠርሙስ ተኩል መሆኑ ነው።

የሐረጎ መንገደኛ፦ ቢራው ጠርሙሱ ላይ ተጽፎለታል፤ የእኛን ጠላ ግን በግራም የሚለካልኝ ማን ነው? የአንዷ ቤት ጉሽ ከሌላዋ ፍልተር ጋር በምን ይነጻጸራል?

የሰኞ ገበያዋ፦ ይህ ለእርስዎ ሳይሆን ለእኔ ይመሰክራል። መጠኑ በጭፍን ሲገመት ብዙ የሚጠጣውና ጥቂት የሚጠጣው ይቀላቀሉና በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይደበዝዛል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከሰባት ሊበልጥ ይችላል።

ጡረተኛው መምህር፦ ሁላችሁም የዘላችሁት ጉዳይ አለ፤ «የማይጠጡ» የተባሉት እነማን ናቸው? ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት አረቄ ጠጥቶ፣ ጨጓራው ሲያቃጥለው ጊዜ እርግፍ አድርጎ ተወ። ዛሬ መጠይቅ የያዘ ልጅ ቢመጣበት «አልጠጣም» ይላል፤ ውሸትም አልተናገረም። ነገ ካንሰር ቢገኝበት ግን በማይጠጡት ሒሳብ ይጻፋል፤ የማይጠጡት ጎራ የታመመ ይመስልና የመጠጡ ጉዳት ያንሳል። በዚህ ረገድ ወሎ ለአጥኚ የተመቸ አገር ነው፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ከልጅነቱ ጀምሮ ከቀሪቦ በቀር ያልቀመሰ ሕዝብ ሞልቶናል።

የሐረጎ መንገደኛ፦ መምህር፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ልቃወም። በሃይማኖት ምክንያት የማይጠጣው ከሚጠጣው የሚለየው በመጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጾሙም፣ ምግቡም፣ ጫቱም ይለያል። ያን ጊዜ የሚለካው አልኮሉ ይሁን ሃይማኖቱ በምን ታውቆ?

ጡረተኛው መምህር፦ እነዚያም ይጠየቃሉ፣ በሒሳቡም ውስጥ ይገባሉ። የተወውን ካልጀመረው መለየት ግን ይቀድማል።

ቦርከና፦ የሐረጎው ወንድማችን የኮምቦልቻ ሰው ስለሆነ ለቢራ ጥብቅና መቆሙ አይገርመኝም።

የሐረጎ መንገደኛ፦ ኮምቦልቻ የሚኖር ሁሉ ከጠመቃው ደመወዝ የሚቆረጥለት መሰለህ? ሐረጎን ወርደህ ስትመጣ ጋባዥህ ማን እንደሆነ ግን አትርሳ። ወደ ነገሩ ልመለስና፣ ስሕተቱ ሁሉ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትታል የምትሉት ትክክል አይደለም። ጠጪ አብዛኛውን ጊዜ አጫሽም ነው፤ ሲጋራ ደግሞ የጨጓራ ካንሰር ያመጣል። ሲጋራው በሚገባ ካልተቀነሰ ዕዳው ለመጠጡ ይተርፋል። ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያም ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ በዚያው ኤጀንሲ መዝገብ ካንሰር አምጪ ተብሎ ሰፍሯል፤ ደም መርምሮ የለየው ግን ሁሉም ጥናት አይደለም።

የሰኞ ገበያዋ፦ የሲጋራውን እቀበላለሁ። የሕሙማን ጥናቶቹ ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው፦ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ፣ ሚስቱ ራስጌው ተቀምጣ «በቀን ስንት ትጠጣ ነበር?» ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? አንዱ ይሸሽጋል፣ ሌላው የበሽታውን ሰበብ ሲፈልግ ያጋንናል። ለንጽጽር የሚመረጡት ከዚያው ሆስፒታል ከሆኑ ደግሞ እነሱም መጠጥ ባመጣው ሌላ ሕመም የተኙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የመጠጡ ጉዳት ያነሰ ይመስላል። ሰው ሳይታመም ጠይቆ የሚከታተለው ጥናት ከዚህ ያመልጣል፤ ግን አንዴ የጠየቀውን ይዞ ዓመታት ሲጓዝ ሰውየው መጠጡን ይተው ወይም ያብዛ አያውቅም።

የሐረጎ መንገደኛ፦ እንግዲያው «ብቻ» የምትለዋን ከሃያው ላይ አነሣለሁ፤ ከሰባቱ ላይ ግን አላነሣም።

ቦርከና፦ ሰባቱ ራሱ የማን አማካይ እንደሆነ ሲነገርህ አልሰማህም ማለት ነው።