ስንት ሙሐመድ አሊ ታውቃላችሁ?

የሸዋ በር ልጅ፦
ሰላም ጀመዓው። ስሜ ሙሐመድ አሊ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ይህን ስም የተጣራ ሰው ስንቱ ዞር ብሎ እንደሚያየው እናንተው ታውቁታላችሁ። በቀደም የተላከልኝ ብር ኮምቦልቻ ላሉ ሌላ ሙሐመድ አሊ ገብቶ፣ ሰውየው ራሳቸው ደውለው መለሱልኝ፤ አላህ ይስጣቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፣ እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። አሁን ባለቤቴ ልትወልድ ነው። አባቴ ወንድ ከሆነ «አሊ በሉት፣ በእኔ ስም ይጠራ» ይላል። እሷ ደግሞ ሰው ያልያዘው ስም ትፈልጋለች። ስም ሲበዛ ሰው ይጠፋል ትላለች። እውነት ይጠፋል?

የጦሳ ሥር፦
ወንድም ዓለም፣ አይጠፋም! እዚሁ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል እኮ የልደት ስማቸው ሙሐመድ አሊ ነው፤ አባታቸውም ኢማም አሊ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በ1906 ደግሞ ነገሡ። እሳቸው የተዉትን ስም አሜሪካዊው ቦክሰኛ ካሲየስ ክሌይ በ1956 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ቀይሮ ወሰደው። ቬትናም አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ተነጠቀ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ከቀለበት ታገደ፣ በስሙ ግን ጸና። አንዱ ስሙን ትቶ ነገሠ፣ ሌላው ስሙን ይዞ ተቀጣ። እኔ ይሄን ሳስብ ወላሂ ይገርመኛል። የግብፁን ገዥ ሙሐመድ አሊ ፓሻንም ጨምርበት፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው።

እመት ዘይነብ፦
ልጄ፣ ሴቶቹን ረሳችኋቸው። መነን የሚባሉ ሁለት እቴጌዎች ነበሩ፣ የሁለቱም የዘር ሐረግ ከወሎ ነው። መነን ሊበን የራስ አሊ እናት፣ ጦር አስከትለው ከካሳ ኃይሉ ጋር ሊዋጉ ወጥተው የተማረኩ ናቸው። ካሳ ማለት የኋላው አፄ ቴዎድሮስ። መነን አስፋው ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በእናታቸው ስም ነው የተሰየመው። አንዷ በጦር ሜዳ፣ አንዷ በቤተ መንግሥትና በገዳም ሥራ ታወቁ። አሊ በለው፣ አባትህን አታሳዝን። ሚስትህም የቤት ስም ታውጣለት፣ እሷም አትከፋ።

ኮምቦልቻ ሪጅስትራር፦
ታሪኩን ተናገሩ፣ እኔ ወረቀቱን ልናገር። መዝገብ ቤት ስለምሠራ በየቀኑ የማየው ነው። ስምህ አንድ ቦታ ሙሐመድ፣ ሌላ ቦታ መሐመድ፣ ሦስተኛው ሞሐመድ ተብሎ ከተጻፈ ልጅህ ትምህርት ቤት ሲገባ ጣጣው ይጀምራል። የልደት ምዝገባው ላይ በመታወቂያህ እንዳለው አስጽፍ፣ ፊደል በፊደል። የእናቱም ስም እስከ አያት በትክክል ይግባ፤ የሰውም የአባትም የአያትም ስም ሲመሳሰል የምንለየው በእሱ ነው። ብሩንም የሚልክልህ ሰው ስም ብቻ አይቶ ከሚያረጋግጥ የሒሳብ ቁጥሩን ደግሞ ያንብብ።

የሸዋ በር ልጅ፦
እመት፣ የቤት ስሙን ነገርኳት፣ ወዲያው ተስማማች። አባቴ ግን ሴት ከሆነችስ ብሎ አዲስ ክርክር ጀምሯል። መነን እንበላት ወይስ የእናቱን ስም እንስጣት?