ቦይለሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ይጠፋል፣ ምን ላስተካክል?

ሰላም ወገኖች፣ ዴንቨር ነው ያለነው። ቤታችን የሚሞቀው በጋዝ ቦይለርና በውሃ ራዲያተር ነው። ቦይለሩ ጥቂት ደቂቃ ይነድና ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነው፣ ልጆቹም በድምፁ እየነቁ ተቸግረናል። ቴርሞስታቱ (የቤቱን ሙቀት እየለካ ቦይለሩን የሚያስነሳው መቆጣጠሪያ) በሰዓት 5 ጊዜ እንዲያበራ ተደርጎ ነበር፤ ይሄ ለተለመደው አየር የሚነፋ ፈርነስ ነው እንጂ ለሙቅ ውሃ የሚመከረው 3 ነው። ወደ 3 ቀየርኩት፣ ትንሽ ተሻለው። 1 ሳደርገው ግን ቤቱ በጣም እስኪቀዘቅዝ አይነሳም። ባትሪው አዲስ ነው፣ አጠገቡም ፀሐይ ወይ ራዲያተር የለም። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፦ እሳቱ ሲጠፋ የቴርሞስታቱ ስክሪን ላይ ያለው «ሂት ኦን» (ሙቀት እየጠየቀ ነው የሚለው ምልክት) አብሮ አይጠፋም። ታዲያ ቴርሞስታቱን ትቼ የቦይለሩን የውሃ ሙቀት ገደብ ነው ለባለሙያ ማሳየት ያለብኝ?