የእንቁጣጣሽ መጠጥ፦ ሻምፓኝ ወይስ ክሬማን? ለጉባኤው የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳራሹ አልቋል፣ ምግቡም ተከፋፍሏል። የቀረችው የመጠጧ ነገር ናት። 60 ሰው እንጠብቃለን። እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሳት።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ እኔ ጋ ስላለ ልጀምር። አምና ለጽዋ ማንሻ ብቻ 12 ጠርሙስ ሻምፓኝ ገዛን። አንዱ 28 ዩሮ፣ በጠቅላላ 336። ለአንዲት «እንኳን አደረሳችሁ»! ዘንድሮ የዚሁ የምንኖርበት የአልዛስ ክልል ክሬማን ይሁን። እኔ ሰፈር ደህናው በ9 ዩሮ ይገኛል። 12ቱ 108 ነው።

ሰብሳቢ፦ ልጄ፣ ቁጠባሽ ደስ ይላል። ግን ከማዘጋጃ ቤትም እንግዶች አሉብን። «ሐበሾቹ ቆጠቡብን» እንዳይሉን እፈራለሁ። ለመሆኑ ክሬማን ምንድን ነው? ሻምፓኝ መሆን ያቃተው ሻምፓኝ?

የኮልማሩ አባል፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኔ ልናገር፤ ሦስት ዓመት ወይን ለቅሜያለሁ። ክሬማንም አረፋ ያለው ወይን ነው፤ ከሻምፓኝ አውራጃ ውጭ ስለሚሠራ ነው ስሙ የተለየው። አሠራሩ ያው ነው። የደረሰው ወይን ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። እዚያው ሁለተኛ ይፈላል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ወይኑ ውስጥ ይቀራል፤ አረፋው እሱ ነው። ከዚያ አምቡላው ላይ ይተኛል። ክሬማን ቢያንስ 9 ወር፣ ተራው ሻምፓኝ 12 ወር።

ማጥራቱ ነው የሚገርመው። ጠርሙሱን በየጊዜው እያዞሩ አንገቱን ወደ ታች ያዘቀዝቁታል። አምቡላው ቡሹ ጋ ይጠራቀማል። አንገቱን ብቻ በረዶ ያደርጉታል። ሲከፈት ያ የረጋ አምቡላ ጧ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ወደ ኋላ ዘልዬ ሰው ላይ ወድቄያለሁ። እናቴ ጠጅ ስታጠልል እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም።

የመስተንግዶ ኃላፊ፦ ልፋቱ አንድ ከሆነ ለምን ረከሰ? ነፃ ነገር የለም።

የኮልማሩ አባል፦ ባብዛኛው መሬቱና ስሙ ነው፣ እትዬ። ሻምፓኝ አውራጃ ውስጥ የወይን ማሳም ፍሬውም ዋጋው እሳት ነው። ስሙን ደግሞ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌላው አምራች «በሻምፓኝ አሠራር» ብሎ መጻፍ እንኳ አይችልም። ክሬማንም ግን ሕግ አለው። ፍሬው በእጅ ነው የሚለቀመው፣ ማሽን ክልክል ነው። ከ150 ኪሎ ፍሬ ከ100 ሊትር በላይ አይጨመቅም። የአልዛሱ ስሙን በሕግ ያገኘው በ1976 ነው። ሎዋርና ቡርጎኝ የሚባሉት የፈረንሳይ አካባቢዎችም የየራሳቸው ክሬማን አላቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ እኛ እኮ ስትራስቡርግ ነው ያለነው። የሰፈራቸውን ወይን ብናቀርብላቸው የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ይኮራሉ እንጂ ይቀየማሉ?

የመስተንግዶ ኃላፊ፦ እኔ የምፈራው ጣዕሙን ነው። ጠጅ የለመደ አፍ ብሩት የሚሉት ስኳር ያነሰበት ዓይነት ይጎመዝዘዋል። አምና እነ እማማ ሁለቴ ተጎንጭተው ብርጭቆውን ጠረጴዛ ሥር ደበቁት። እኔው ነኝ ያነሳሁት።

የኮልማሩ አባል፦ ልክ ነዎት። ብሩት በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው። ደሚ ሴክ ግን ከ32 እስከ 50 ይደርሳል። ለእነ እማማ እሱን እንግዛ። ደግሞ «ሴክ» ብቻ የሚል ስታዩ እንዳትሸወዱ። ትርጉሙ ደረቅ ነው፣ ግን ከብሩት ይጣፍጣል። ፈረንሳዮች!

ሰብሳቢ፦ ትናንት ማታ ባለቤቴ አንድ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። ሳትነግረኝ ቀዳችልኝ። «ይሄ ሻምፓኝ ጥሩ ነው» አልኳት። እስካሁን እየሳቀችብኝ ነው። እሺ፣ ተስማምቻለሁ። ግን በፕላስቲክ ኩባያ አይቀርብም። ሞቆም አይምጣ። አምና ሞቆ መጥቶ ቡሹ አምፖል ሰብሯል።

የኮልማሩ አባል፦ እሱን ለእኔ ተዉት። ሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ቡሹን ጨብጦ ይዞ ጠርሙሱን ማዞር ነው፣ ቡሹን አይደለም። ድምፁ «እስ» ካለ በቂ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ እዩት።

«ማኅበሩ ለእንቁጣጣሽ ጽዋ 12 ጠርሙስ የአልዛስ ክሬማን ይገዛል፤ 10 ብሩት፣ 2 ደሚ ሴክ። አንዱ ጠርሙስ 6 ብርጭቆ ስለሚሞላ 72 ብርጭቆ ይወጣዋል። ወጪው ከ120 ዩሮ አይበልጥም። አልኮል ለማይጠጡና ለልጆች የፖም ጭማቂ ይቀርባል። የመስታወት ብርጭቆ በኪራይ ይመጣል። ከአምናው ወጪ የሚተርፈው ለልጆች የአማርኛ ክፍል መጻሕፍት ይውላል።»

ገንዘብ ያዥ፦ ኪራዩን ለብቻ መስመር ጻፊው። ጉባኤው ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሌላው ተስማምቶኛል።

ሰብሳቢ፦ ይለፍ።

የመስተንግዶ ኃላፊ፦ እኔም። ግን የማኅበሩ የበረዶ ባልዲ የት ገባ? አምና ከአዳራሹ ስንወጣ መኪናው ውስጥ የጫነ ሰው እባካችሁ ይመልስ።

የኮልማሩ አባል፦ …እኔ ጋ ነው። አበባ ተክዬበት ነበር። አጥቤ አመጣዋለሁ።